ከጠረጴዛው ሥር

መሬት ከተንቀጠቀጠ ወር ቢያልፈውም የክፍሉ ልጆች ከአንድ ጨዋታ ሌላ አላምራቸው ብሎ ነበር። አንዱ ትልቁ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ የቀሩት ዙሪያውን በቦርሳና በወንበር ይደፍኑበታል። ከዚያ "ጸጥ!" ይባልና ጠረጴዛው ሦስቴ ይንኳኳል። ከሥር ያለው መልሶ ሲያንኳኳ በሳቅና በጩኸት ጎትተው ያወጡታል። መምህርቷ ይህን ጨዋታ መጀመሪያ ያየች ዕለት ልታስቆማቸው ነበር፤ የልጆች አማካሪዋ ግን "ጨዋታቸውን አትከልክዪ፤ አብረሽ ተጫወቺ" ብላታለች።

ስለዚህ ከልጆቹ አንዷ፣ ዝምተኛዋ ልጅ፣ ተራዋ ደርሶ ስትገባ፣ መምህርቷ ራሷ ተንበርክካ ሦስቴ አንኳኳች። መልስ የለም። ደግማ አንኳኳች። የልጆቹ ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ።

"የኔ እናት፣ መልሺልን እንጂ፤ ጨዋታው እኮ እንዲህ አይደለም።"

"ወንድሜን ሆኜ ነው" አለች ልጅቷ ከሥር። "እሱ የመጀመሪያው ቀን ከፍርስራሹ ሥር ሆኖ መልሶላቸዋል። ከዚያ ተወ። አሁን 'በቃ' በሉና ሂዱ፤ ቆፋሪዎቹም እንደዚያ ብለው ሄደዋል።"

መምህርቷ ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ አንስታ፣ በደረቷ ተስባ ገባችና ከልጅቷ አጠገብ ጋደም አለች። ከላይ ልጆቹ ተንሾካሾኩ፤ ግራ ቢገባቸው ሦስቴ አንኳኩ። መምህርቷ ልትመልስ እጇን ስታነሳ ልጅቷ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

"ቆዪ፣ ቲቸር" አለች በሹክሹክታ። "እስቲ መጀመሪያ እሱ ይመልስ እንደሆነ እንስማ።"