ስድስተኛው ጣቢያ

የኮምፒውተር ባለሙያው በዚያ ቢሮ ውስጥ ከራሱ በቀር ሰው አለ ብሎ አያምንም። ጠዋት ፊት ለፊቱ የምትቀመጠው ባልደረባው "ኮሌታህ ተገልብጧል" ብትለው፣ "የራስሽን ሥራ ጨርሰሽ ነው?" ብሎ አፏን አስያዛት፤ ኮሌታውንም በእልህ እንደተገለበጠ ተወው።

የዛሬ ሥራው ክላውድ በሚሉት የኪራይ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የድርጅቱን ድረ ገጽ የሚጠብቁ አምስት ጣቢያዎችን ከወንበሩ ሳይነሳ በአምስት ሩቅ ከተሞች መትከል ነበር። እያንዳንዱ ጣቢያ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ በየደቂቃው ገጹን ይከፍታል፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ይጽፋል፤ ያየውንም ፎቶ አንስቶ ይልካል።

"ስድስት ናቸው እኮ" አለች ባልደረባው፣ በራሷ ስክሪን እያየች።

"አንቺ ደግሞ መቁጠር ጀመርሽ?"

ቢያይ ግን እውነትም ስድስት። አምስቱ ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ ይላሉ። የከተማ ስም የሌለው ስድስተኛው ግን ዜሮ ይላል፤ እዚሁ ያለ ይመስል።

"የትኛው ደንቆሮ ነው የጨመረው?" ብሎ ሰረዘው። ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ መጣ።

"እስቲ የላከውን ፎቶ ክፈተው።"

"ምን ሊኖረው? ያው የናንተው ቀሽም ገጽ ነዋ!"

ከፈተው። ገጹስ ፎቶው ውስጥ አለ፤ ግን የሚታየው በራሱ በባለሙያው ስክሪን ላይ ነው። ከስክሪኑ ፊት የሰው ጀርባ፣ የተገለበጠ ኮሌታ ይታያል። ዞሮ ቢያይ ከኋላው ካሜራ ቀርቶ ምስማር እንኳ የሌለው ባዶ ግድግዳ ነው።

"ማን ነው የሚቀልደው?" አለ። ባልደረባው ሁለት ባዶ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አሳየችው።

ቀጣዩ ፎቶ መጣ። ኮሌታው ተስተካክሏል።

እጁን ቀስ አድርጎ ወደ አንገቱ ሰደደ። እውነትም ተስተካክሏል።