የላላው ሞላ

ሞተሯ የቆመችው ጎተራው ውስጥ፣ በማረሻውና በባዶ ጆንያዎቹ መሀል ነው። የጎተራው ቁልፍ አንድ ነው። አባት ከአንገቱ አያወርደውም።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን ከፈተና ወደ ማሳው ሄደ።

ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ከተማ ሲሠራ ሰንብቶ፣ ሌሊቱን በአውቶብስ ተጉዞ ነው የደረሰው። ጓደኞቹ ወንጭፍ ይሉታል። ዛሬ ግን ድንጋዩን ወርውሮ የጨረሰ ወንጭፍ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ውድድር አለ። ከፊተኞቹ ሦስት ውስጥ ካልገባ ሞተሯን ሸጦ ወደ እርሻው እንደሚመለስ ለአባቱ ቃል ሰጥቷል። እርሻው ሰው ይፈልጋል። አባት በዓመት ውስጥ ስለ ሞተር የተናገረው ይህንን ብቻ ነው።

የእናቱ ወንድም መካኒክ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ሞተሯን ሳይለካ አያስነዳውም። ወገቡን ይዞ ቁጢጥ አለ።

"ሙሉ ልብስህን ልበስና ውጣባት። ሄልሜቱንም ጭምር። ሞላ የሚስተካከለው በሰው ልክ ነው፤ ለከባድ ይጠብቃል፣ ለቀላል ይላላል።"

ልጁ የጀርባ መከላከያውን ሲያስር ፊቱን አኮማተረ።

"ጠፍሩ ጠበበኝ፣ አጎቴ።"

"ወፍረሃላ! ከተማ ተስማምቶሃል።"

"ምን በልቼ?"

ጠፍሩን አላላ፣ የቆዳ ልብሱን ደረበና ወጣባት።

አጎት ሜትሩን ከኋላው ጎማ መሀል እስከ ኮርቻው ጫፍ ዘረጋ። ነጂው ሲቀመጥ የሞተሯ ኋላ ሠላሳ ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ከበለጠ ኩርባ ላይ ቂጧን ጥላ አፍንጫዋን ታነሳለች። ካነሰ እንደ ሚዳቋ ትዘላለች።

"አርባ ሁለት" አለ አጎት። "ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ላይ ነበር የተውኩልህ።"

ልጁ ወርዶ አጎነበሰ። ባለፈው ሳምንት ሞላውን በሚያጠብቀው ቀለበት ላይ ለምልክት ነጭ ቀለም ነክቶበት ነበር። ምልክቱ ከቦታው ዞሯል።

"ይኸው" አለ ልጁ። "በሰው እጅ ነው የላላው። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ነበር። ከዚያ በፊትም።"

አጎት ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። መንጠቆ ያለው መፍቻ፣ በሞተር ደብዳቤ ያመላልስ ከነበረው ከራሱ አባት የወረሰው፣ ተጠርጎ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

"ማንም ይሁን ማን" አለ፣ "ዕቃውን የት እንደሚመልስ ያውቃል።"

እናት ሻይ ይዛ ገባች። ላሚቷ ረግጣኛለች ብላ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። ብርጭቆዎቹን ጆንያው ላይ አኖረች።

"አስፋልቱ ቀዝቅዟል፣ ልጄ። ነገ ስትጀምር ቀስ በል።"

"እሺ፣ እማዬ።"

ስትወጣ አጎት ጎማውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

"የዘንድሮ ጎማ እንደ ሳሙና ነው የሚያልቀው" ሲል አጉረመረመ።

ልጁ አልሰማውም። በሞተሯ ጎን፣ ስትወድቅ ብረቷ እንዳይጎዳ የተገጠመውን የፕላስቲክ ጉብታ እያየ ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ተፍቋል።

"እኔ በቀኝ ወድቄ አላውቅም። ጥሏታል!"

"ማን?"

"ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው?"

አጎት ተነፈሰ።

"አባትህ እኮ መፍቻና ማጭድ አይለይም።"

"ለማላላት ምን መለየት ያስፈልገዋል? እኔ እንድሸነፍለት ብቻ ነው የሚፈልገው።"

አባት ለምሳ ሲመለስ ልጁ የጎተራው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። እናት ብርጭቆዎቹን ልትሰበስብ ከኋላው ደርሳ ነበር።

"አባባ፣ ሞተሬን የሚነካት ማነው?"

አባት ጭቃ የያዘውን ጫማውን አየ።

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

"አንተ ነህ ወይ ነው የምልህ!"

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው አልኩህ።"

"አጎቴ ባይለካት ነገ ኩርባ ላይ ብሞትስ?"

አባት ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። የጠዋቱ ሥራ ብቻ ያደከመው ሰው አይመስልም።

"አጥብቃት" አለ በመጨረሻ። "ከእንግዲህ የሚነካት የለም።"

"ከእንግዲህ እኔም የለሁም!" አለ ልጁ። "ባሸንፍም ብሸነፍም እዚህ ቤት አልመለስም። ለእርሻህ ሌላ ሰው ፈልግ።"

ቦርሳውን አንስቶ ወደ አጥሩ አመራ። አጎት በአንድ እጁ ሜትሩን እንደያዘ ቀረ።

"ቆይ" አለች እናት።

ልጁ ቆመ።

"ተይው፣ ይሂድ" አላት አባት።

"አልተውም። አንተም በቃህ።"

ብርጭቆዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠች። የሄልሜቱን አቧራ በቀሚሷ ጠረገችና አጠለቀችው። ቀሚሷን ሰብስባ፣ የሚያነክሰውን እግሯን በኮርቻው ላይ አሻግራ ተቀመጠች። መርገጫዎቹን ሳታይ አገኘቻቸው።

"ለካ" አለችው ወንድሟን።

ሜትሩ ሠላሳ ላይ ቆመ።