መለኪያው የያዘው ቁጥር

የግምጃ ቤቷ ሴትዮ ሰውን በሠራተኛ ቁጥሩ እንጂ በስሙ ጠርታ አታውቅም። "ሰባት ቁጥር! ነይ ፈርሚ!" ብላ ጮኸችና ታሽጎ የኖረውን አሮጌ ቮልት መለኪያ ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገችው። ቴክኒሻኗ ፈረመች። አቧራውን በጋዋኗ እጅጌ ጠርጋ፣ ማኅተሙን ሳትነካ አቅፋው ወጣች።

ከሦስት ዓመት በፊት ይህ መለኪያ "ደህና ናቸው" ያላቸው አርባ ባትሪ መሙያዎች ደንበኞች ቤት ገብተው ተቃጠሉ። መለኪያው ሲመረመር ልኩ ተቀይሮ ተገኘ። የክፍሉ ኃላፊ አባቷ ነበር። "ማን ነካው?" ቢሉት፣ "እኔ ነኝ" አለ። ሠላሳ ዓመት ከሠራበት ቤት አጭበርባሪ ተብሎ ወጣ። ወንበሩን ምክትሉ ወረሰው።

ነገሩ ለልጅቷ አልዋጥላት አለ። አባቷ አንዲት ብሎን እንኳ ሁለቴ ሳይለካ የማያስር ሰው ነው። እሷንም ሥራ ያስተማራት በዚሁ መለኪያ ነው፤ ያኔ ገና በተቀጠረች ሰሞን፣ እሱ ምሳ ሲሄድ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካካች ትለማመድ ነበር። ከመለኪያው ጀርባ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ካልተከፈተች ልኩ አይቀየርም። ማብሪያዋንም ኋላ አባቷ በፕላስተር ሸፍኖ "አይነካም" ብሎ ጽፎባታል። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ነው አጭበርባሪ? ሞኛቸውን ይፈልጉ!

የቀረው መለኪያውን ራሱን መጠየቅ ነበር። ሠራተኛ ሁሉ ሲያበራው የራሱን ቁጥር ያስገባል። መለኪያው ቁጥሩን መልሶ ለማንም አያሳይም፤ ግን የሆነ ቦታ ሳይዘው አይቀርም። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፣ መመሪያም የለው። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መንትያውን ገዛች። የፕሮግራሙን ቺፕ ነቅላ፣ በውስጡ ያለውን ኮምፒውተሯ ላይ ገልብጣ፣ ስምንት ወር መስመር በመስመር አነበበች። አንድ ቁጥር አስገብታ ልኩን ትቀይርና ሜሞሪው ውስጥ የቱ ቦታ እንደተለወጠ ታያለች፤ ደግሞ ሌላ ቁጥር። በመጨረሻ አገኘችው። ልኩን በመጨረሻ የቀየረው ሰው ቁጥር እዚያች ቦታ ቁጭ ብሏል።

አባቷ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

"ልጄ፣ ተይው። ያለፈ አልፏል።"

"አላለፈም አባዬ! አንገትህን ደፍተህ እኮ ነው የምትሄደው።"

"ደፍቼም ደህና ነኝ።"

"እኔ ደህና አይደለሁም!"

አዲሱ ኃላፊም ሊሰማት አልፈለገም።

"የተዘጋ ፋይል ነው። ምን አገባሽ?"

"አባቴ ነው፣ ያገባኛል። ካልፈሩ ሰው ሁሉ ባለበት ይከፈት።"

"ለምን ቤትሽ ወስደሽ አታነቢውም?"

"ቤቴ ካነበብኩት 'ራሷ ጻፈችው' ትላላችሁ። ቺፑ የሚነቀለው እናንተ ፊት ነው።"

ኃላፊው ግንባሩን በመሐረብ ጠርጎ ፈቀደ። እሷም በልቧ "ያዝኩህ" አለች። የእሱ ቁጥር አራት ነው።

እነሆ ዛሬ መለኪያውን አቅፋ ስትገባ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። እየጎተተች ያመጣችው አባቷ በሩ አጠገብ ቆሟል። የግምጃ ቤቷ ሴትዮም ለምስክርነት ተከትላት ገባች። ማኅተሙ ተቆረጠ። ቺፑን ነቅላ ከኮምፒውተሯ ጋር በተያያዘው ማንበቢያ ላይ ሰካችው።

"ስሙኝ" አለች። "አባቴ ሁለት ቁጥር ነበር። ሁለት ከወጣ፣ እዚሁ ቆሜ ሁላችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሌላ ቁጥር ከወጣ ግን የቁጥሩ ባለቤት አባቴ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃል። ተስማማን?"

"ተስማማን" አሉ። ኃላፊውም ሳይወድ አብሮ አለ።

አባቷ ድንገት ከበሩ መጥቶ የኮምፒውተሩን ሶኬት ሊነቅል እጁን ሰደደ። እሷ ቀደመችና እጁን ያዘችው።

"በቃ አባዬ። ከዛሬ ጀምሮ ማንንም አትፈራም።"

"ፈርቼ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ።

በሌላው እጇ ቁልፉን ተጫነች።

የግምጃ ቤቷ ሴትዮ መነጽሯን አስተካክላ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለችና እንደ ልማዷ ጮኸች፤ "ሰባት ቁጥር!"