ባስ መያዣ ጀልባ

ያን ቃል ያለው ጁነይድ ነው። ያለበትም ቀን የዛሬ ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰቢሃ በተዳረችበት ቅዳሜ፣ ለንደን፣ ብሪክስተን ባለው የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሙሂዲን የተወለደበትን ቀን አያውቅም፤ የስደት ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ አንድ ተብሎ ተሞልቶለታል። የተሰደበበትን ቀን ግን አንዱንም ስቶ አያውቅም።

"ጀልባ ገዛህ አሉ፣ ምን ልታደርግበት ነው?" አለው አንዱ ገበታ ላይ።

"ባስ ልይዝበት" አለ ሙሂዲን። ባስ የቴምዝ ወንዝ ከባሕሩ በሚገናኝበት ቦታ እንግሊዞቹ የሚያጠምዱት፣ ቅርፊቱ እንደ ብር የሚያበራ ዓሣ ነው። ጁነይድ ይህን አጥቶት አይደለም። ሹካውን አስቀመጠና ጠረጴዛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣

"ወንድሜ፣ ባስ ለመያዝ ኦይስተር ካርድ ይበቃል። ጀልባ ምን ያደርግልሃል?" አለው፤ የከተማ አውቶቡስ የሚሳፈሩበትን ካርድ ማለቱ ነው።

ሳቁ። የሌሎቹን ሳቅ ከጁነይድ ሂሳብ ጋር ደምሮ ያዘው። ግን ነጅዋም ሳቀች። የአገሩ ልጅ፣ የአዋሳዋ፣ ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመቷ፤ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ጥላ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ስሙ "ሙሂዲን ባስ" ሆኖ ቀረ። ፊቱን ከቋጠረም "ባሰበት ደግሞ" ይባባሉበታል።

ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ሰሜን ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ፣ ከመካኒኩ ከቤንጃሚን ጋራዥ ጓሮ፣ ተጎታች ላይ የተጫነችው ጀልባ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሾርባ ማንኪያ ይሞርዳል። እጀታውን በመጋዝ ቆርጦ ጥሎታል። የቀረውን ጎድጓዳውን ከላይና ከታች በስቶ፣ ባንዱ ቀዳዳ ክር፣ በሌላው ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ሊያስርበት ነው። ውሃ ውስጥ ሲጎተት ያብለጨልጫል፤ ባሱም ትንሽ ዓሣ መስሎት ይጎርሰዋል። ዩቲዩብ ላይ ያየው ነው። የሰውዬውን እንግሊዝኛ ባይከተለውም፣ እጁን አይቶ ያዘው።

ጀልባዋንም እንዲሁ ሰው ሳያማክር ነው ያሰናዳት። የቧንቧ ፕላስቲክ ቆርጦ፣ ማጥመጃ ዘንጎቹ የሚቆሙበት አድርጎ ከጎኗ አሰረ። ከተጣለ ሚኒካብ ታክሲ ሁለት ወንበር ነቅሎ በብሎን አጠበቃቸው። አንዱ የእሱ ነው። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ቤንጃሚን ሲጠይቀው፣ "ለሚዛን ነው" ብሎታል።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ይህች ናት?"

ነጅዋ ናት። የጨርቅ ሱቋን ለሠራተኛዋ ትታ፣ በጋራዡ በር ገብታ፣ ከኋላው ቆማለች።

"ወዓለይኩሙ ሰላም። ናት።"

"ትልቅ ናት እኮ። እኔ ገንዳ ነገር መስላኝ ነበር።"

ገንዳ። ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ። ያዘው።

እሷ ዞረቻት። በመዳፏ ጎኗን ደባበሰችው፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ ተንጠራርታ ወደ ውስጥ፣ ጨርቅ ወደለበሰው ሁለተኛው ወንበር አየች። "ይሄ አረንጓዴ ጨርቅ ከእኔ ሱቅ የወሰድከው አይደለም? ለመጋረጃ ነው ብለኸኝ?"

"ተረፈኝ።"

"አራት ሜትር ተረፈህ? መስኮት የለህም እንዴ?"

መሞረዱን ቀጠለ። ጆሮው ሲግል ይሰማዋል።

"ሙሂዲን፣ ሐይቁ ትዝ ይልሃል?" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከፈጅር ሶላት በኋላ አባቴ ይዞኝ ይወርድ ነበር፤ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጋ። ጉሙ ገና ውሃው ላይ ተኝቶ፣ ጀልባዎቹ ሳይታዩ የቀዛፊዎቹ ወሬ ብቻ ይሰማል። ይኸው እዚህ አገር ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ አንድ ቀን ውሃ ላይ አልወጣሁም።"

ሞረዱ ቆመ። ሙሂዲን ያን ወሬ ሰማው፤ ከጉሙ ውስጥ የሚመጣውን፣ ማን እንደሚናገር የማይታወቀውን። ይችን ጀልባ የገዛ ዕለት፣ ወንበሩን ያሰረ ዕለት፣ ጨርቁን የወጠረ ዕለት ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ቀን እንዲህ ስትለው፣ "ወንበሩ ያንቺ ነው፣ ነይ" ሊላት። ቃሉን ስንቴ ለብቻው ብሎታል። አሁን ምላሱ ላይ ደረሰ። ጉሮሮውን ጠረገ።

ነጅዋ ግን አልጠበቀችውም። አፈረችም መሰል፣ ፊቷን ወደ ጀልባዋ መልሳ ሳቅ አለች።

"ታዲያ ይሄ ባስህ መቼ ነው የሚነሳው? ለአንድ ሰው ቦታ ይኖረዋል?"

ባስህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማውም። አዳራሹ መጣበት፤ የጁነይድ ሹካ፣ የሻሿ ጫፍ፣ ትከሻዋ። እዚህ ድረስ፣ እጁ ሥራ ላይ እያለ፣ ደጁ ድረስ መጥታ ደገመችው።

ማንኪያውን ጣሳው ውስጥ ጣለው። የብረት ብናኙን ከሱሪው ላይ አራግፎ ተነሣ። የሚላት ሞልቶት ነበር፤ ዓመት ሙሉ ሲያሰላስለው የከረመ፣ አጥንት ድረስ የሚገባ። አንዱንም አላወጣውም። ጀርባውን ሰጥቷት በተበታተኑት መኪኖች መሀል ወደ በሩ ሄደ።

"ምን ልታመጣ ነው?" አለች ከኋላው።

በሩ ጋ ሲደርስ አንዴ ብቻ ዘወር አለ። ነጅዋ ጀልባዋ ላይ ወጥታለች። አረንጓዴው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ መልሳ፣ ውሃ እንደሚያወዛውዘው ሰው በሁለት እጇ ግራና ቀኙን ይዛለች። ጫማዎቿ ከታች፣ ከተጎታቹ ጎማ አጠገብ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እነሱ አገር ጀልባ ላይ በጫማ አይወጣም።

"ቶሎ ና እንጂ" አለች፣ ዞር ሳትል።

ሙሂዲን ወደ አስፋልቱ ወጣ።