ፈቃዱ ያበቃ እጅ

ድንቅነሽ ጎመን ስትከትፍ መዳፏን ቆረጠችና የጎረቤቷን የጋሽ ዘርጋውን በር በክርኗ አንኳኳች። ጋሽ ዘርጋው ሠላሳ አንድ ዓመት በጤና ጣቢያ ቁስል ሲያጥቡና ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በአዲሱ አዋጅ ፈቃዱ ያበቃ የጤና ባለሙያ ታማሚን ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ በቀር ቁስል መንካትም ሆነ ስለ ቁስል መምከር አይችልም። ለቁጥጥር እጃቸው ላይ የታሰረው አምባር መንካታቸውንም መምከራቸውንም ያውቃል፤ ካሳበቀባቸው የሚታሸገው የልጃቸው ክሊኒክ ነው።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይዩልኝ!»

አዩት። አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጥልቅ ቢሆንም ጅማት አልነካም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

«ወረፋው እስኪደርሰኝ እኔም ጎመኑም እናልቃለን!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ እልፌ ከጓዳ ፎጣ ይዘው ወጡና መዳፏን ጠመጠሙላት። ጥምጥሙ ላላ፤ ደሙ ወዲያው ፎጣውን አልፎ ወጣ።

«ላጥብቀው እንዴ?» ብለው ባላቸውን ጠየቁ።

«አዎ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ጋሽ ዘርጋው አፋቸውን ከፈቱ፤ አምባሩ ትዝ ሲላቸው መልሰው ዘጉት።

ድንቅነሽ የፎጣውን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ራሷ አጠበቀችው። ቀና ስትል የጋሽ ዘርጋውን ፊት አየች፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች።

«ይተዉት ጋሼ፣ እኔ ደህና ነኝ። እርስዎ ይቀመጡ» አለችና በደህናው እጇ ወንበር ሳበችላቸው።