ድምፅዋ ሥራ ላይ ነው

በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ድምፅ በሕግ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። እልፍነሽ ሃያ ዓመት በውሃ አገልግሎት ስልክ ስትመልስ ኖራ ጉሮሮዋን ታመመች፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣትም። ድምፅዋ ግን ተቀርጾ፣ በየቤቱ ቧንቧ ላይ በተገጠመ ተናጋሪ መሣሪያ ሥራውን ቀጥሎ ነበር።

አንድ ጠዋት ሳህን ስታጥብ የጓዳዋ ቧንቧ በራሷ ድምፅ ተናገረ።

«ወይዘሮ እልፍነሽ ታደገ፣ መናገር ስለማይችሉ ለሥራ ብቁ አለመሆንዎ ተረጋግጧል። ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል። ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን።»

ሳህኑን ግድግዳው ላይ ከሰከሰችው። ብቁ አይደለችም? ታዲያ ይሄ የሚለፈልፈው የማን አፍ ነው? ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር የለም።

በዋዜማው ከገጠር ሊጠይቋት የመጡት ዓይነ ስውር እናቷ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። የተባለውን ሳይሆን ድምፁን ነበር የሰሙት። ፊታቸው በርቶ፣ እጃቸውን ወደ ቧንቧው ዘረጉ።

«እልፌ! አንደበትሽ ተፈታልኝ? እስቲ ድገሚው ልጄ!»

ቧንቧውም በእልፍነሽ ድምፅ ስንብቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመላቸው።