የሃያ ሁለተኛው ውሻ ፊርማ

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ መንገድ ላይ የተጣለ ውሻ ከመገደል የሚተርፈው አንድ ሰው በአውራ ጣቱ ፈርሞ በዚያው ቅጽበት አንድ ዓመት ሲያረጅለት ብቻ ነው። ትርሲት በመጠለያዋ ፈራሚ ስታጣ ለሃያ አንድ ውሾች ራሷ ፈርማለች። ዛሬ ለአንድ አንካሳ ቡችላ የአንገት ማሰሪያ ልትሰፋ ብትቀመጥ፣ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አላት። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ተቀብለው አስገቡላት።

«በሃያ አንድ ዓመቴ ወለድኩሽ፤ ይኸው እኩያሞች ሆንን» አሉ። «ለዚህ ከፈረምሽማ ትበልጪኛለሽ።»

«እስከ ማታ ካልተፈረመለት ይገድሉታል፣ እማዬ።»

ወይዘሮ አስካለ የልጃቸውን እጅ ገፋ አድርገው የራሳቸውን አውራ ጣት ቀለሙ ውስጥ ነከሩ።

«ሞቱ እንኳ በተራችን ይሁን» አሏት።

ትርሲት ቀና ብላ አላየቻቸውም። ገና ያልተፈረመላቸው የቡችላው አራት ወንድሞች የተኙበትን ካርቶን በእግሯ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ስር ገፋችው።